ሙሄ እና

ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ ከሙዚየሙ በር ደረሰ፤
ጥበቃው እኔን ፈተሸኝ፣ እሱን ግን ማን ዳሰሰ?
ሳይከፍል ገባ፣ ከፊቴ ቀደመ፣
ከመጀመሪያው ሸራ ፊት እንደ ባለጉዳይ ቆመ።

ሠላሳ አንድ ሥዕል፣ በነጭ ግድግዳ፣
ባለቤቱ ሞቶ እነሱ ሲቀበሉ እንግዳ።
የለም ጦር የሰበቀ፣ የለም ፈረሰኛ፤
ቀለምና ቀለም ብቻ፣ ሲካሰሱ ያለ ዳኛ።

እኔ ግን ዐውቃቸዋለሁ።
ሸዋበር፣ ከግቢያችን ጥግ፣ ጣሪያው በሚያፈስ ክፍል
(በወር ስድስት ብር ኪራይ፣ እሱንም አጉድሎ ሲከፍል)
ቀን ለሥጋ ቤቱ በሬ፣ ለጸጉር ቤቱ መቀስ
ታቤላ ላይ ሲሥል ውሎ፣ ማታ ወደ ሸራው ሲመለስ
ከበሬውም ከመቀሱም ቀለሙን ብቻ ያስቀራል።
«ጋሽ ሙሄ፣ ይሄ ምንድነው?»
«ማክሰኞ ነው» ይላል።
«ይሄኛውስ?»
«የማለዳ ሳል።»
«ፊቴን ሥራልኝ» አለው አንድ ቀን ቆርቆሮ ነጋዴው ሸምሱ፤
«ፊትማ አለህ፣ የሌለህን ልሥራልህ» አለው እሱ።
ሸምሱ እስኪሞት አኮረፈው፤
ሰፈሩም ፈረደ፦ «ቀለም ነው የለከፈው።»

ዛሬ ጓንት ያጠለቀች፣ ከአዲስ አበባ የመጣች ልጅ
«ፋና ወጊ» ትለዋለች፤ አሥራ ሰባተኛውን በእጅ
ሳትነካ እያሳየች፦
«ከታች፣ ከግራው ጥግ፣ ይቺን ቀይ አስተውሉ፤
በዚያ ሁሉ ግራጫ መሐል! ይሄን ነው ድፍረት በሉ።
ፊርማውንም እዩት፤ ‹ሙሄ እና› ይላል፣ እዚያው ላይ ያበቃል።
ወሰን አልባነት ነው ብለው ሊቃውንቱ ጽፈውበታል።»

ተማሪዎቹ ጻፉ። እኔ ጠጋ አልኩ፣ አውጥቼ መነጽሬን፤
ከቀዩ ውስጥ አገኘኋት አንዲት የበርበሬ ፍሬን።

ኅዳር ነበር። ሰሌናችን በሙሉ ገብስ ተሰጥቶበት፣
እናቴ ከክፍሉ አወጣች አንድ ሰፊ ሸራ፣ እሱ በሌለበት።
ፀሐይ ላይ ዘረጋችው፤ በርበሬዋን አፈሰሰች፤
ዶሮ ጠብቂ ብላ እኔን ከአርጩሜ ጋር አስቀመጠች።
ዘጠኝ ዓመቴ ነው።
ቀለሙ ለካ አልደረቀም።

ሲመሽ መጣ። እናቴ የሻሿን ጫፍ ነከሰች።
ቁጢጥ ብሎ ዛላውን አንድ በአንድ አነሳ፤
አስነጠሰው። ዝም አለ። ደግሞ አስነጠሰው።
እንባውን በክንዱ አብሶ ተነሣ።
«ሦስት ወር ሙሉ የጠፋኝ ይሄ ነበር» አለ፣ ለማንም ሳይሆን።
ብሩሹን አመጣ፤ ከጥጉ «ሙሄ እና» ብሎ ጻፈ፤
«የሐያት እናት፣ ስምሽ ማነው?» እጁ አየር ላይ ተንሳፈፈ።
«አስተግፊሩላህ! የኔን ስም? ከእብድ ሥራ ጋር?»
በርበሬዋን አፍሳ ገባች። ብሩሹ ደረቀ እዚያው፣ በ«እና»ው ዳር።

ሙሄ ከሞተ በኋላ ግን፣ በየዓመቱ፣ ኅዳር ሲገባ
ሸራውን ከአልጋዋ ሥር አውጥታ ፀሐይ ታሞቀው ነበር፣
ባዶውን፤
በርበሬ ሳታሰጣበት።
«ለምን?» ብላት
«ብል እንዳይበላው» አለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችበት።

ለልጅቷ አልነገርኳትም። ቃሏ ያምር ነበር።
ወሰን አልባነት? እናቴ ስትቆጣ፣ አዎ፣ ወሰን አልነበራትም።

ከመውጫው አጠገብ መዝገብ አለ፣ ሁለት ዓምድ የተሰመረ፦
ስም፤ አስተያየት። ብዕሩ በክር የታሰረ።
ከስም ሥር «ሐያት» አልኩ፤ ከአስተያየት ሥር አንድ ቃል፦
«ዙበይዳ።»
ጥበቃው አንገቱን አስግጎ «እማማ፣ ስም በዚህ በኩል ነው» ይላል።

«ዐውቃለሁ» አልኩት፣ ጃንጥላዬን እየዘረጋሁ።